አግዳሚ ወንበር ላይ የቀረው እጅ

ከባሌ ጋር ከተኳረፍን አሥራ አምስተኛ ቀናችንን ይዘን ነበር። መኳረፍ ስላችሁ በየክፍሉ ገብቶ በር መዝጋት እንዳይመስላችሁ። የኛ ቤት ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለች አንዲት የቀበሌ ክፍል ናት። በአንዲት ክፍል ውስጥ መኳረፍ ደግሞ ሙያ ይጠይቃል። አልጋው አንድ፣ ትሪው አንድ፣ መስኮቱ አንድ። ስለዚህ የምንነጋገረው በግድግዳው በኩል ነበር። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ «ምሳ ቀርቧል፤ የሚበላ ካለ ይብላ» እላለሁ። እሱም ወደዚያው ግድግዳ ዞሮ «ላቀረበው ሰው እግዜር ይስጥልን» ይላል። ግድግዳው ባይኖር ኖሮ በረሃብ እናልቅ ነበር።

ወይንሸት እባላለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚያው አራዳ ስለሆነ በምላስ ማንም አይችለኝም፤ ማትሪክ ላይ ግን ምላስ አይጠየቅምና ወድቄያለሁ። ባሌ ታደሰ ወርቅ ሠሪ ነበር። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ደንበኛ የእናቱን አሮጌ ጉትቻ ይዞ ይመጣል፤ ታደሰ አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ሞርዶ የሙሽራ ቀለበት ያደርገዋል። አንደበቱ ቁጥብ ነው። የሚያኮራው ነገር ቢኖር ያ ቀኝ እጁ ነበር፤ እሱንም ቢሆን በአፉ ብሎት አያውቅም።

የጠባችን ምክንያት የማታ ትምህርት ነው። ማትሪኩን ደግሜ ልፈተን፣ ማታ ማታ ልማር ብዬ ጠየቅኩት። «በዚህ ዘመን ሴት ልጅ ማታ ከቤት አትወጣም» አለኝ። ዘመኑ የሚያስፈራ እንደነበር አልክድም። ግን አነጋገሩ ውስጥ ሌላ ነገር ያለ መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። በዚያው ቀረን።

ዘመኑ የደርግ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ተገኝቶ ስሙ ፊት ይፈርማል። ያልፈረመ ሰው በማግስቱ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊወስድ ሲሄድ «እሑድ የት ነበርክ ጓድ?» ይባላል፤ ያቺን ጥያቄ ደግሞ ማንም አይወዳትም። እኔና ታደሰ አንዱን እሑድ እሱ፣ አንዱን እሑድ እኔ እያልን ተራ ገብተን ነበር። ያን እሑድ ተራው የኔ ነበር።

ወሩ ጥር ነው፤ የሰርግ ወር። ታደሰ ቅዳሜን ሙሉ ቀለበት ሲሠራ ውሎ ሰዓት እላፊ ስለያዘው እዚያው ሥራ ቦታው አደረ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም። ጠዋት ሲገባ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። እኔ ነቅቻለሁ። ግን ፊቴን ወደዚያው ወደ ወዳጃችን ግድግዳ አዙሬ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዬ ስቤ የተኛሁ መሰልኩ። «ይሂድ፤ የማይወዱትን ማድረግ ምን እንደሚመስል ይቅመሳት» አልኩ በሆዴ። ትንሽ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ፊቱን ሲታጠብ ሰማሁት፤ በሩም ቀስ ብሎ ተዘጋ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩ። ያቺን ፈገግታዬን እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ስብሰባው ላይ የሆነውን የነገሩን ጋሽ ዘለቀ ናቸው። ጋሽ ዘለቀ ጎረቤታችን፣ ልብስ ሰፊ፣ ሰው ሲቸገር ማየት የማይችሉ ደግ ሰው ነበሩ። ታደሰ ከመጨረሻው ረድፍ፣ መደገፊያ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። ቀኝ ክንዱን በመደገፊያው ላይ ወዲያ አሻግሮ አንጠለጠለ፤ ካድሬው ገና «የወቅቱ ሁኔታ» ከማለቱ ታደሰ እንቅልፍ ወሰደው። ስብሰባ ላይ መተኛት ደግሞ ያን ጊዜ እንቅልፍ ተብሎ አይታለፍም፤ «ፀረ አብዮት» የሚል ስም አለው። ጋሽ ዘለቀ ደነገጡ። እንዳይንሸራተት ብለው በትከሻቸው ደገፉት። በተንሸራተተ ቁጥር ጠበቅ፣ በተንሸራተተ ቁጥር ጠበቅ እያደረጉ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ክንዱን ከወንበሩ ጠርዝ ጋር አጣብቀው ያዙት።

መፈክር ሲጀመር ቀሰቀሱት። መፈክር የሚሰማው ግራ እጅን ጨብጦ ወደ ላይ በማንሳት ስለነበር ታደሰ ግራውን አነሳ፤ እንደ ሰው ጮኸ፤ ማንም አላወቀበትም። የታወቀው ሲወጡ ነው። ሊፈርም እስክሪብቶ ሲቀበል ከእጁ ወደቀ። አነሱለት፤ ደግሞ ወደቀ። ጋሽ ዘለቀ «መነጽሩን ረስቶ ነው» ብለው እሳቸው ፈረሙለት። ታደሰ በሕይወቱ መነጽር አድርጎ አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ በሩን ከፍተው ሲገቡ ተልባ እየወቀጥኩ ነበር። ታደሰ ቀኝ እጁን በግራው ታቅፏል። «ምን ሆነህ ነው?» አልኩት፣ ግድግዳውንም ኩርፊያውንም ረስቼ። መልስ ሳይሰጥ ግራውን ለቀቀው። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ እንደ ታረደ ዶሮ አንገት ወደ ታች ተንጠለጠለ።

«አንሳው እስቲ» አልኩት።

«እያነሳሁት እኮ ነው።»

ፊቱን አየሁት፤ በእውነት እያነሳው ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ እጁ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ዝም ብሏል።

«ደንዝዞ ነው፤ ይለቀኛል» አለኝ።

አልለቀቀውም። ከሰዓቱን ሙሉ ጎረቤት ገባ ወጣ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ አመጣች። ሌላዋ ግማሽ ጎኑን ሊይዘው ነው ብላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙራ አፉ መጣመም አለመጣመሙን አየች። በቅቤ አሸነው፤ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፍነው። ክንዱ መደንዘዙ ለቀቀው፤ እጁ ግን አልተነሳም። አመሻሹ ላይ ሁሉም ሲሄድ ታደሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል። እኔ ደግሞ እሱን አያለሁ። ወርቅ ሠሪ ያለ ቀኝ እጁ ምን ይሆናል? ሁለታችንም እያሰብናት ሁለታችንም አላነሳናትም። ተራው የኔ ነበር የሚለውንም ነገር አላወጣሁትም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ዘለቀ «አፍንጮ በር አንድ ወጌሻ አሉ፤ አንዴ ጎተት ቢያደርጉት ቀጥ ይላል» ብለው ይዘውን ወጡ። የወጌሻው ስም አባባ ወልዴ ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጠባያቸው ግን አልደከመም። ታደሰን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ከትከሻው ጀምረው በጣቶቻቸው ወረዱ። ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ እያንዳንዷን ጣት። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ሲጎትቱት ይጮሃል ብዬ ጥርሴን ነክሼ እጠብቃለሁ።

«አጥንቱ ደህና ነው» አሉ። «ስብራትም ውልቃትም የለበትም።»

«እንግዲያው ይሹታ አባባ» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«ምኑን ነው የማሸው? የማላውቀውን ነገር አልጎትትም። እንዲህ ያለ እጅ ጎትቼ ያበላሸሁበት ሰው አለ፤ ዛሬም ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ እሱ ነው የሚያመኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሆስፒታል ውሰጂው። ዛሬ ነገ አትበይ።»

እኒያን ሽማግሌ ዛሬም እመርቃቸዋለሁ። አላውቅም የሚል አዋቂ እንደሳቸው ጥቂት ነው የገጠመኝ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ሆስፒታል ሄደን ተሰለፍን። ሐኪሙ እጁን አገላብጦ አየና የሆነ ወረቀት ጽፎ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ላከን። እዚያ የሰው እጅና እግር የሚያሠለጥኑበት ክፍል አለ። ክፍሉ ውስጥ የቆዳ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ መሰላል፣ የተለጣጠፈ የጡንቻ ሥዕል አለ፤ ከሁሉም መካከል ሲስተር ሮማን። የአስመራ ልጅ ናት፤ ከኔ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። እጁን ሳትነካ በፊት የጠየቀችው ይህን ነው።

«እንዴት ተኝተህ ነበር?»

ታደሰ ክው አለ። ወደ በሩ አየ። «ቤቴ... አልጋዬ ላይ» አላት።

«አልጋ ላይ እንዲህ አይሆንም። እውነቱን ካልነገርከኝ ምን ልርዳህ?»

ስብሰባ ላይ ተኛሁ ብሎ ለማያውቁት ሰው መናገር ቀልድ አልነበረም። እኔ አላስቻለኝም። «የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው ሲስተር» አልኩ፤ «ክንዱን በአግዳሚ ወንበር ላይ አንጠልጥሎ።» ታደሰ ዓይኑን ጨፈነ።

ሲስተር ሮማን ቀስ ብላ ሄዳ በሩን ዘጋችው። እኔ ወደ ታደሰ ተጠጋሁ። ከዚያ እሷ ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ዘንድሮ ከስብሰባ ወንበር ሲመጣልኝ አንተ ሦስተኛዬ ነህ» አለችው። «አጆኻ!» አይዞህ ማለቷ ነው። ታደሰ እሑድ የያዘውን ትንፋሽ ያን ጊዜ የተነፈሰው መሰለኝ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ነይ አንቺ» አለችኝ። ጣቶቼን ይዛ የራሷ ክንድ ላይ፣ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ ብሎ በውጪ በኩል አስቀመጠቻቸው። እጇን ከአንጓው ቀና አደረገች። ከጣቶቼ ሥር የሆነ ነገር ጠጠር ብሎ ተነሳ። እጇን ስታወርድ ለስለስ ብሎ ተመለሰ።

«እጅን የሚያነሳው ጡንቻ እሱ ነው» አለች። «እጅ ላይ አይደለም ያለው፤ ክንድ ላይ ነው። ከሱ የሚወጣው ጅማት እንደ ሲባጎ በአንጓ በኩል ወርዶ እጅ ላይ ይታሰራል። ጡንቻው ሲኮማተር ሲባጎው ይሳባል፣ እጅ ይነሳል። በውስጥ በኩል ደግሞ እጅን የሚያጥፈው አለ።»

ታደሰ የሚሠራ ነገር ሲያይ ጭንቁን ይረሳል። ጠጋ አለ። «እንግዲህ ይሄኛው ሲስብ ያኛው ይገፋለታል ማለት ነው?»

«አይ። ጡንቻ መግፋት አያውቅም። የሚያውቀው መሳብና መልቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ጥንድ ሆነው የተሠሩት። አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቅለታል፤ ሌላው በተራው ሲስብ ያኛው ይለቃል። ሁለቱም በአንዴ ሲስቡ ደግሞ...» ክንዷን ገትራ አሳየችን። «ድርቅ ይላል። ጉልበት አለ፣ ሥራ ግን የለም።»

ይህን ስትል እኔንና ታደሰን ያየችን መሰለኝ። አላየችንም። አሥራ አምስት ቀን ገትረን የቆየነው እኛ ስለሆንን ነው የመሰለኝ።

«የኔ ሞቷል?» አላት ታደሰ። ከእሑድ ጀምሮ ሳይጠይቅ የቆየው ጥያቄ ነው።

«አልሞተም። ለጡንቻ ሳብ ብሎ የሚያዘው ነርቭ ነው። ያንተ ነርቭ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከኋላ ዞሮ ያልፋል፤ የወንበሩ ጠርዝ እሱን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ ተጫነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሲያምህ ትገላበጣለህ። አንተ ግን የደከመ ሰው እንቅልፍ ነው የተኛኸው፤ የሚያገላብጥህም አላገኘህም። ጡንቻው አለ። ትእዛዙ ነው ያልደረሰው።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በሳምንታትም በወራትም። ቀን ቆርጬ አልነግርህም። ሳይመለስለት የቀረ ሰውም አይቻለሁ።»

ከዚያ ሁለት ጣቶቿን ሰጠችውና «ጨብጥ» አለችው። ጨበጠ፤ የሕፃን ያህል ነበር። ደንግጦ አያት። «ጣቶቼም ሄዱ?» አለ።

«ቆይ።» በሌላ እጇ አንጓውን ከሥር ደግፋ ቀና አደረገችለት። «አሁን ጨብጥ።»

ጨበጠ። «ወይ!» ብላ ጣቶቿን አስለቀቀች። «አየህ? ይሄ ጉልበት ከየት መጣ? እዚሁ ነበር። አንጓ ሲወድቅ የጣቶች ጅማት ይላላል፤ የላላ ገመድ አይጎትትም። አንጓህን ቀና አድርጎ የሚይዝልህ ካገኘህ እጅህ ዛሬውኑ ይሠራል።»

እስቲ እናንተም ሞክሩት። አንጓችሁን ወደ ታች አጥፋችሁ ጠንክራችሁ ለመጨበጥ ሞክሩ፤ ከዚያ አንጓችሁን ቀና አድርጋችሁ ጨብጡ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ይገባችኋል።

ሲስተር ሮማን ሁለት ነገር አዘዘችን። አንደኛው፣ እጁ እንዳይንጠለጠል የሚደግፍ ነገር ይደረግለት፤ ተንጠልጥሎ ከከረመ የሚያነሱት ጡንቻዎች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ። ሁለተኛው፣ በየቀኑ ጠዋት ጣቶቼን ክንዱ ላይ አድርጌ «አንሳ» እንድለው፣ ባይነሳም እሱ ለማንሳት እንዲሞክር፤ እኔም እጁን እያነሳሁ እያወረድኩ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ እንዳደርግ። ከዚያ አንገቷን ደፋች። መደገፊያው የሚሠራበት ዕቃ ካለቀ ቆይቷል።

«ቆርቆሮ ይሆናል?» አላት ታደሰ። «ከቆርቆሮ መሥራት እችላለሁ።» እጁን አየና አቆመ። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷ ትሠራዋለች።»

የሥራ ክፍሉን ልንገራችሁ። ያኔ ካገባሁት ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሞረዱን እንኳ ነክቼበት አላውቅም። ምሳ ሳመጣለት በሩ ላይ ተቀብሎኝ ይሸኘኛል። ያን ቀን ከሰዓት በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ከቀበሌ ሱቅ የመጣ የዘይት ቆርቆሮ ነበረን፤ ክንዱን በወረቀት ላይ ሲያስቀምጥልኝ በእርሳስ አዞርኩበት፣ በዚያ ልክ ቆረጥኩ።

«መቀሱን አትታገይው፤ እሱ ራሱ ይሄዳል።»

«እየሄደ እኮ አይደለም!»

«ስለያዝሽው ነው።»

ጠርዙን እንዳይቆርጠው አጥፌ ሞረድኩት። ጣቴን ሁለት ቦታ ቆርጦኛል። ጥጥና ፋሻ አለበስኩት፤ ክንዱ ላይ አስቀምጬ በሻሽ አሰርኩለት። ጠማማ ነበር፤ የአህያ ኮርቻ ይመስል ነበር ብል አላጋነንኩም። ታደሰ ግን የወርቅ አምባር ያጠለቅኩለት ይመስል አገላብጦ አየው። «ጎበዝ» አለኝ። ይህችን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ውስጡ ያልተሞረደ አንድ ቀለበት ነበር። ሙሽሮቹ ለእሑድ ይፈልጉታል። ታደሰ ሞረዱን አነሳ፤ ቆርቆሮው ገና አልተስማማውም፣ ሞረዱ ይዞርበታል። ቆርቆሮውን ፈታሁና መዳፌን ከአንጓው ሥር አስገብቼ፣ ሲስተር እንዳደረገችው፣ ቀና አድርጌ ያዝኩለት። ሞረዱ ቀጥ አለ። እሱ ይሞርዳል፣ እኔ እይዛለሁ። ወደፊት ሲሄድ አብሬው እሄዳለሁ፣ ሲመለስ እመለሳለሁ። የወርቁ ብናኝ ጉልበታችን ላይ በተዘረጋው ቆዳ ላይ ይወርዳል። ትከሻችን ተነካክቷል። ይህን ያህል ተጠጋግተን ከተቀመጥን ስንት ጊዜ እንደሆነን አላስታውስም።

እዚያ ላይ ነው ያወጣሁት።

«ታደሰ፣ ተራው የኔ ነበር።»

ሞረዱን አላቆመም። «አውቃለሁ።»

«ተኝቼ አልነበረም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ስትተኚ ታንኮራፊያለሽ። እሑድ ጠዋት ቤቱ ጭር ብሎ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ ሳቁን ተከትሎ ለቅሶው መጣ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኩት። «እያወቅክ ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

«ብቀሰቅስሽ የምትናገሪው ለግድግዳው ነው። እሱን አሥራ አምስት ቀን ሰማሁት።» ሞረዱን አስቀመጠ። አላየኝም፤ ቀለበቱን እያየ ነው የተናገረው። «የማታ ትምህርቱ... ሰዓት እላፊውን ፈርቼ ብቻ አይደለም። አንቺ ከተማርሽ ወዲያ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ ብዬ ነው። ያለኝ እጅ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ እሱም...»

አንጓውን አልለቀቅኩም፤ ያ ብቻ ነው መልሴ የነበረው። ቀለበቱን ጨረስነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። ሻይ ሳንጠጣ አልጋው ጠርዝ ላይ እንቀመጣለን፤ ቆርቆሮውን እፈታለሁ፤ ጣቶቼን ክንዱ ላይ አደርጋለሁ። «አንሳ» እለዋለሁ። ያነሳል፤ ማለቴ ያነሳል በልቡ። ከጣቶቼ ሥር ምንም የለም። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ክንዱ በዚያ በኩል መክሳት ጀመረ፤ ቆዳው ሥር ጎድጎድ አለ። ሥራ ያጣ ጡንቻ እንደሚቀንስ ሲስተር ነግራኝ ነበር፤ ግን ማወቅና በጣት መንካት ይለያያል። አንዳንድ ቀን ታደሰ «ዛሬ ይቅርብን» ይላል። «ለኔ ስትል» እለዋለሁ። ያደርገዋል። ከትእዛዝ በኋላ ትእዛዝ ወደ ክንዱ ይልካል፤ አንዱም አይደርስም። ቆርቆሮውን አስሮ ቀላል ቀላሉን ይሠራል፤ ረቂቁን ግን ይመልሰዋል። ደንበኞች በር ላይ ቆመው የቆርቆሮውን እጅ አይተው «ሌላ ጊዜ እንመጣለን» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በየሳምንቱ ሲስተር ሮማን ጋ እንሄዳለን። አንድ ቀን የሌላ በሽተኛ እግር ላይ ጣቶቼን አስቀምጣ «የቱ ነው የሚስበው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ጣትሽ ያያል» አለችኝ። «ማትሪኩን ጨርሰሽ ነይ፤ ረዳት የምንፈልግበት ጊዜ ይመጣል።» ታደሰ አጠገቤ ቆሞ ነበር። የሰው እጅ ሳይነሳ የራሴን ትምህርት ላነሳ አልደፈርኩም።

ስድስተኛው ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ ከሌላው ቀን የማይለይ አንድ ጠዋት ነበር። «አንሳ» አልኩት።

ጣቴ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከጨርቅ ሥር ጉንዳን ያለፈ ያህል፤ ከዚያ ጠፋ። እጁን አየሁ፤ እንደ ተንጠለጠለ ነው።

«ድገመው።»

ደገመው። ደግሞ መጣ።

«ታደሰ! መጣ!»

እጁን አየ። «ምን መጣ? አልተነሳም እኮ።»

«እጅህ አልተነሳም፤ ጡንቻው ግን ሳበ። ጣቴ ሥር ነው ያለው።»

አላመነኝም። ላጽናናው የምዋሸው መሰለው። ከዚያ ያደረገውን እስከ ሞቴ አልረሳውም። ግራ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን በኔ ክንድ ላይ፣ ልክ በቦታው አስቀመጠ።

«አንቺ ሳቢ» አለኝ። «ቀስ ብለሽ።»

እጄን በጥቂቱ ቀና አደረግኩ።

«ይሄን ያህል ነው?»

«ከዚህ ያነሰ ነው።»

«አሳንሺው።»

አሳነስኩት። እጄ እስከማይነቃነቅ ድረስ፣ አሳቡ ብቻ እስኪቀር አሳነስኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «እሺ» አለ። ከዚያ ጣቶቹን አንስቶ የራሱ ቀኝ ክንድ ላይ አደረገ። ለማንሳት ሞከረ። ጠበቀ። ደግሞ ሞከረ።

«አለ» አለኝ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፤ እኔም አላበስኩለትም፣ ጣቶቼን ከክንዱ ማንሳት ፈራሁ።

እጁ ተመለሰ። መጀመሪያ አንጓው፣ ከዚያ ጣቶቹ፣ በመጨረሻ አውራ ጣቱ፤ ሙሉ ለሙሉ እስኪሆን ክረምት ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘመኑን ሁሉ ወርቅ ሠራ። እኔም ማትሪኩን አለፍኩ፤ ሲስተር ሮማን ጋ ረዳት ሆኜ ገባሁ፤ ተምሬ ባለሙያ ሆኜ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያችው ክፍል ነው። ስንቱን ክንድና እግር እንደዳሰስኩ አልቆጠርኩትም። ከወንበር የወደቀ፣ ከጦር ሜዳ የመጣ፣ በልጅነቱ እግሩ የከሳ። ለሁሉም የምላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይነሳ በፊት ይስባል። የማይታይ ነገር ሁሉ የሌለ እንዳይመስላችሁ።

እናንተም ቤት አንድ ግድግዳ የምታናግሩ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቀድማችሁ ልቀቁ። ማን ቀድሞ ይልቀቅ የሚለውን እኔ አልፈርድም፤ እኔ ራሴ ቀድሜ የለቀቅኩ ሰው አይደለሁም።

ቀድሞ የለቀቀው እሱ ነው። ይህን ለማስረዳት ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ዘመዶቻችን እጁ ሲድንለት ደስ ብሎት የማታ ትምህርቱን የፈቀደልኝ ይመስላቸዋል፤ እሱም በሕይወት ሳለ አስተባብሎ አያውቅም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ጡንቻው በሳበበት በዚያ ጠዋት እንባውን በግራ እጁ ጠራርጎ «የሁለተኛው መንፈቅ ምዝገባ አልተዘጋም አይደል?» አለኝ። አልተዘጋም አልኩት። ቆርቆሮውን አሰርኩለት፤ ኮቱን አለበስኩት፤ እኔ ነጠላዬን ደረብኩ። በድልድዩ ወርደን፣ አቀበቱን ወጥተን ትምህርት ቤቱ በር ድረስ አብሮኝ መጣ። ተራዬ እስኪደርስ ከጎኔ ተሰልፎ ቆመ። እጁ ገና አልተነሳም ነበር።